በርቢ የተሰጠ ቃል

ፈይሩዝ ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ ላይ ፈተና የወደቀችው በአንድ ቃል ነው። ሥራው ከብት ለሚከትብ ድርጅት አስተርጓሚነት ስለሆነ ፈተናውም ያው ነበር፤ አንድ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እሷ በአማርኛና በኦሮምኛ ትመልሳለች። ፈረንጁ ስለ ከብት ክትባት አራት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። በአራቱም ውስጥ «ራን» የምትባል ቃል ነበረች። ራን ማለት መሮጥ እንደሆነ ፈይሩዝ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃለች፤ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በእሷ ትርጉም ድርጅቱ ዘመቻ ይሮጣል፣ ማቀዝቀዣው በጄኔሬተር ይሮጣል፣ መድኃኒቱ ሮጦ ይወጣል፣ ሁሉም ነገር እስከ ሰኔ ድረስ ሲሮጥ ይቆያል። ፈታኞቹ በትሕትና አመሰገኗት። እሷም በፊታቸው ሳቀች። ስትፈራ የምትስቅ ልጅ ናት።

በእሷ ቦታ የተቀጠረው ልጅ የቆላውን ሙቀት ሦስት ወር ችሎ በአራተኛው ጥሎ ሄደ። ድርጅቱ እንደገና ማስታወቂያ አወጣ፤ ፈተናው በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ እዚሁ ቀሚሴ። ፈይሩዝ በእንስሳት ሳይንስ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው። ፓስፖርቷ ወጥቷል። ጅዳ ያለችው እህቷ ሰው ቤት ቦታ አግኝታላት «ረመዳን ሳይገባ ድረሺ» ብላታለች። ፈይሩዝ ጅዳ መሄድ አትፈልግም። ላም ነው የምትፈልገው። ይህን ስትናገር ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን የምሯን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ከአጎቷ ከአብዱልጀባር ጋር ወደ እኔ ልብስ ስፌት ቤት መጡ። አብዱልጀባር ሰንበቴ ገበያ ላይ የከብት ደላላ ነው። የመጡት ለስፌት አይደለም፤ ከክር ሣጥኑ ሥር የማስቀምጣት ሽፋኗ የጠፋ መዝገበ ቃላት አለችኝ፣ እሷን ፈልገው ነው። ራን የሚለውን አወጣሁላቸው። አብዱልጀባር እንግሊዝኛ አያነብም፤ ቁጥር ግን ያነባል። የትርጉሞቹን ቁጥር በጣቱ እየተከተለ ወረደ፣ ገጹን ገለጠ፣ እንደገና ወረደ፣ እንደገና ገለጠ።

«ይሄ ሁሉ የአንድ ቃል ነው?»

«የአንድ» አልሁት።

«ይሄማ ቃል አይደለም፤ መንጋ ነው።»

«አጎቴ፣ በስድስት ቀን ይሄን ሁሉ አልችለውም» አለች ፈይሩዝ። መሳቅ ጀምራለች።

«ማን ቻይው አለሽ? መንጋ የበዛበት ሰው ምን ያደርጋል?»

«በርቢ ይሰጣል።»

«በይ እንግዲህ!»

ርቢ ማለት እንዲህ ነው። ከብት የበዛበት ሰው አንዷን ላም ለጎረቤቱ ይሰጣል። ጎረቤት ያበላታል፣ ያጠጣታል፤ የወለደችውን ይካፈላሉ። ላሟ ለገበያ የወጣች ቀን ደግሞ ያረባት ሰው ሳይቆም አትሸጥም። ይህ በእኛ አገር የታወቀ ደንብ ነው። በርቢ ቃል የሰጠ ሰው ግን ከዚያ በፊት ነበረ ብዬ አልምልም።

አብዱልጀባር ከቤቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ ተመለከተና አደለ።

ጁስ ቤት ላላት ለአስያ፣ ሥራ ማስተዳደር የሚለውን ሰጠ። ባጃጅ ነጂው ኢርፋን፣ ቤንዚን በወረፋ የሚያገኝ ሰው ስለሆነ፣ «ራን አውት» ደረሰው፤ ማለቅ፣ ማለት ነው። ጋሽ ሣህሌ ሠላሳ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ውኃ ሲፈስም እንግሊዞች ራን ይላሉና እሱ ለእሳቸው ሆነ። መኪና እንስሳ ሲገጭ «ራን ኦቨር» ነው፤ ይህን አብዱልጀባር ለራሱ አስቀረ፤ አስፋልት ላይ ፍየል በተገጨ ቁጥር ሾፌርና ባለፍየል የሚያስታርቀው እሱ ነው። ለእኔ ካልሲ ደረሰኝ። ካልሲ አንድ ክሩ ተበጥሶ ቁልቁል ሲተረተር እሱም ራን ይባላል። እንስሳ የሚከትብ ድርጅት ስለ ካልሲ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አልገባኝም፤ ግን የተሰጠኝን ተቀበልሁ።

ዋናው ትርጉም፣ መሮጥ፣ ለማንም አልተሰጠም። የጠየቀም የለም። ቀሚሴ ሙቅ ከተማ ናት።

አንድ ፈሊጥ ተረፈ፤ «ኢን ዘ ሎንግ ራን»። ውሎ አድሮ፣ እንደ ማለት ነው። እሱ ከበረንዳው ጫፍ ቅመም ለሚሸጡት ለእማ መሪማ ተሰጠ።

«ምን ማለት ነው ያላችሁኝ?»

«ውሎ አድሮ» አልኋቸው።

«በሰማንያ ዓመቴ? ለእኔ ቶሎ የሚደርስ ነገር አልነበረም?» ወደ ኢርፋን ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ያንተው ምን ነበር?»

«ማለቅ ነው እማ።»

«እንለዋወጥ። እሱ ይቀርበኛል።»

«ኧረ እማ! ዕድሜ ይስጥዎ አቦ!»

«አሚን። ግን እንለዋወጥ።»

አብዱልጀባር ከለከለ። በርቢ የተሰጠ አይለወጥም አለ። ለፈይሩዝም እንዲህ አላት፦ «ስሚ። ቃሉን አትይው። አጠገቡ የቆመውን እይ። ሰንበቴ ላይ በሬ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ በሬውን አላይም፤ ገመዱን የያዘውን ሰውዬ ነው የማየው። ባለቤት ነው? ሌባ ነው? የተቸገረ ነው? ዋጋው ከዚያ ይታወቃል። ይሄም ያው ነው። አጠገቡ ውኃ ካለ የሣህሌ ነው። ሱቅ ካለ የአስያ ነው።»

ከዚያ በኋላ የነበረው አምስት ቀን መንገዱን እብድ አስመሰለው። ፈይሩዝ ጠዋት ስትወጣ እያንዳንዳችን በየደጃችን ድርሻችንን እናሳያታለን። አስያ ማንጎ እየላጠች «አይ ራን ዚስ ሾፕ!» ብላ ትጮኻለች፤ ሱቁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ ማለቷ ነው። የጁስ ቤቱ ፈቃድ በባሏ በኑርሁሴን ስም ነው፤ ቃሉ ግን በእሷ ስም ከሆነ ወዲህ ድምፅዋ ጨምሯል። ኑርሁሴን ቅዳሜ ዕለት መጥቶ «ይሄ ነገር ማክሰኞ ያበቃል አይደል?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

ጋሽ ሣህሌ ቧንቧ ካልመጣ አላሳይም አሉ። ውሸት ማስተማር ነው አሉ። ቧንቧው ግን ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም። ሐሙስ ዕለት በብዙ ልመና ጀሪካን አዘንብለው «ራን» አሉ፤ ዓርብም፣ ቅዳሜም። ከእሳቸው ደጅ ያለችው የኒም ችግኝ በጣም ተጠቀመች። እሑድ ግን አንድ ጥያቄ አነሡ።

«እንግሊዞች ይሄን ያህል አገር ገዝተው ሌላ ቃል አጡ? ለቧንቧም፣ ለሱቅም፣ ለካልሲም አንድ ቃል?»

«እኛስ ጋሼ?» አልኋቸው። «ጉንፋን ሰውን ያዘ እንላለን። ሰውም ባጃጅ ያዘ እንላለን። ቀጠሮ ይያዛል፣ ቂም ይያዛል፣ ሌባ ይያዛል፣ ስልክ ይያዛል። አሁን አንቱን ምን ይዞዎታል ቢባል ምን ይላሉ?»

አሰቡ። «ወገቤን» አሉ።

ኢርፋን ትጉህ ነበር፤ ከመጠን በላይ። ቤንዚን ያላለቀበት ቀን እንኳን ፈይሩዝን አሳፍሮ መሀል መንገድ ላይ ሞተሩን ያጠፋና «ራን አውት!» ይላል። ከኋላ የመጣ አይሱዙ ጡሩንባውን ሲለቅበት አብዱልጀባር «አደራህን ራን ኦቨርን ደግሞ አብረህ እንዳታሳያት!» ብሎ ጮኸበት። እኔ ካልሲ ሰቅዬ ተቀመጥሁ። ፈይሩዝ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ ታየኛለች። «አውቄዋለሁ ጋሼ፣ ይወርድ» ትላለች። እኔ ግን አላወርድም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ፈይሩዝ ቁርስ ሳትበላ ብቻዋን ወጣች። ብቻዋን የወጣች መስሏት ነበር። ድርጅቱ ለፈተናው የተከራየው ቢሮ በር ላይ ስትደርስ ስድስታችን ከኋላዋ ቆመናል። ኢርፋን እማ መሪማን በባጃጅ አምጥቷቸዋል።

«አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ገበያ ነው» አለ አብዱልጀባር። «ያረባ ሰው ሳይቆም ይሸጣል?»

«እኔ ላም ነኝ?»

«አንቺ አይደለሽም። ቃሉ ነው።»

መሳቅ ጀመረች። በዚያው ተጠራችና ገባች።

ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ ወይዘሮ ማንአልሞሽ የምትባል የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊና ያው የኮምቦልቻው ፈረንጅ፣ ረጅም የእንስሳት ሐኪም። ማንአልሞሽ እኛን አይታ «እናንተ የምን ናችሁ?» አለች። አብዱልጀባር «የርቢ ነን» አላት። አልገባትም፤ ኮሪደር ላይ ወዳለው አግዳሚ አሳየችን። ከሙቀቱ የተነሣ በሩን ግን መዝጋት አልቻለችም። አግዳሚው ደግሞ ልክ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ፈይሩዝ ጀርባዋን፣ ሐኪሙ ፊቱን ለእኛ ሰጥተው ተቀመጡ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አንሥቶ ቀስ ብሎ አነበበ። ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ ሲናገር «ራን» የምትለው ቃል ወጣች።

አስያ ብድግ አለች። ስሟ የተጠራ ነበር የመሰላት። ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት፤ ለሰላምታ መስሎት ራሱን ነቀነቀላት። አስያም ነቀነቀች። ፈይሩዝ የኋላውን ሳታይ በትክክል ተረጎመች፦ «ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው…»

ቀጠለ። ባለፈው ዓመት ባቲ ላይ ክትባት እንዳለቀባቸው አነበበ። ኢርፋን ተነሥቶ እጁን ሰቀለ። ፈይሩዝ «ክትባት አልቆብን ነበር» አለች። ቀጠለ። በጨፋ በኩል ስለሚፈሰው ወንዝ አነበበ። ጋሽ ሣህሌ ወገባቸውን ይዘው በሁለት ጊዜ ተነሡ። ከዚያ ሐኪሙ «ኢን ዘ ሎንግ ራን» ሲል እማ መሪማ ከአግዳሚው ሳይነሡ መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው «አለሁ!» አሉ።

እኔ ጠበቅሁ። ካልሲ አልመጣም።

ማንአልሞሽ ግን ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ምንድን ነው ይሄ? በምልክት እየነገራችኋት ነው? ይሄ ኩረጃ ነው!»

«ኩረጃ?» አለች ፈይሩዝና ዞረች። እኛን አየች። ሦስት ሰው ቆሟል፤ አንድ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል።

«ፈተናው ተሰርዟል» አለች ማንአልሞሽ። ለሐኪሙም በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ነገረችው፤ ከውስጡ «አውት» የሚለውን ለየሁ። ፈይሩዝ ሳቀች። አፏን በሻሿ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ማንአልሞሽ ፊቷ ጠቆረ። «ደግሞ ትስቂያለሽ?»

ይህን ጊዜ አብዱልጀባር ያለ ፈቃድ ገባ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ በገባበት ቆመ።

«እመቤት» አለ። «እኔ ደላላ ነኝ። በእኛ ደንብ ነውር ሳይነገር እጅ ተመትቶ ዋጋ አይቆረጥም። ዓይነ ስውር በሬ ዓይነ ስውር ነው ተብሎ ነው የሚሸጥ። ነውሯን ልናገር። ፈይሩዝ፣ ለሰውዬው ተርጉሚለት።»

«አጎቴ፣ በአላህ!»

«ተርጉሚ አልሁ። አንደኛ፣ ስትፈራ ትስቃለች። አሁን የምትስቀው ፈርታ ነው፤ ንቀት አይደለም።»

ሐኪሙ «ምን አለ?» የሚል ፊት አሳያት። ፈይሩዝ ዓይኗን ጠረገችና ተረጎመች። ሐኪሙ ጻፈ።

«ሁለተኛ፣ ግትር ናት። ለእህቷ ያልታዘዘች ለእናንተም አትታዘዝም።»

ተረጎመች። ጻፈ።

«ሦስተኛ፣ በባዶ ሆዷ ስትናገር ትቆጣለች። ዛሬ አልበላችም።»

ትንሽ ቆም ብላ ይህንንም ተረጎመች። ቃል አላጎደለችም። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ሦስቱም ነውሮች አንድ በአንድ ሲያልፉ ሰማሁ።

ከዚያ አብዱልጀባር የርቢውን ነገር አስረዳ፤ መንጋውን፣ አደላደሉን፣ ያረባ ሰው ሳይቆም የማይሸጠውን። ፈይሩዝ ርቢን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ብዙ ደከመች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ላምም ጎረቤትም ሆነች። ሐኪሙ እየገባው ሲሄድ ወንበሩን ወደ በሩ አስጠጋ። አንድ በአንድ አየንና አንድ ጥያቄ ጠየቃት።

እሷ አፏን ሳትከፍት እኛ ጀመርን። ምን እንደጠየቀ እንኳን አናውቅም።

«በጣም ጎበዝ ናት በለው!» አለች አስያ።

«ሦስት ቋንቋ ነው የምትችል፣ ዐረብኛም ትሞክራለች!» አለ ኢርፋን።

«አራት በል፣ ከፍየል ጋር ስትነጋገር አይቻታለሁ» አሉ ጋሽ ሣህሌ።

«ያረቢ ሥራውን ስጣት!» አሉ እማ መሪማ፤ ኮሪደሩ በሙሉ «አሚን!» አለ። ከጎን ቢሮ የነበረ የማናውቀው ሰውም አሚን አለ።

«ካልሲስ ጠይቀዋታል?» አልሁ እኔ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ማንአልሞሽ ጠረጴዛውን መታች። አብዱልጀባር እሷን ለማብረድ እኛን ዝም በሉ እያለ ይጮኻል። ፈይሩዝ ከወንበሯ ተነሣች።

«ጨል ጄዻ!» አለች። «ዝም በሉ! ሻት አፕ!»

በሦስት ቋንቋ ተባልን። ሁላችንም ዝም አልን፤ ማንአልሞሽም ዝም አለች፤ ሐኪሙም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፈይሩዝ አጎቷን እንዲህ ስትናገር አይቼ አላውቅም። አብዱልጀባር ደረቱን በእጁ ነክቶ ወደ ኋላው እያፈገፈገ ወጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ጫማውን ማድረግ ረሳ።

«የጠየቀኝ እኔን ነው» አለች። «እኔው ልመልስ። እነዚህ ሰዎች ረዱሽ ወይ ነው ያለው። እትዬ ማንአልሞሽ፣ ኩረጃ አይደለም። ማስረጃ ከፈለጉ ግን ራን የሚባል ቃል የሌለበት ወረቀት ይስጡኝ። እነዚህ ሰዎች ከእሱ ሌላ አያውቁም።»

ማንአልሞሽ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ከፋይሏ ሌላ ወረቀት ስባ ለሐኪሙ ሰጠችው። ሐኪሙ አየው፣ ፈገግ አለ፣ ማንበብ ጀመረ።

ይህኛው በ«ቴክ» የተሞላ ነበር። መውሰድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አላውቅም። ቴክ ይላል፣ እንደገና ቴክ ይላል። እርስ በርስ ተያየን። ያረባው ሰው የለም። ኢርፋን ከልማድ ግማሽ ተነሥቶ ነበር፤ እማ መሪማ በመቁጠሪያቸው መልሰው አስቀመጡት።

ፈይሩዝ ቶሎ አልመለሰችም። በእያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ ትንሽ ትቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከቃሉ ጎን የቆመውን እያየች እንደሆነ አወቅሁ። «ክትባቱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም» አለች። ቆመች። «ጥጃውን ይዛችሁ ኑ።» ቆመች። «መዝጋቢው ስማችሁን ቢጠይቅ ቅር አይበላችሁ።» ከዚያ ደግሞ ያንኑ በኦሮምኛ መለሰችው፤ በኦሮምኛው ጊዜ አልቆመችም።

የመጨረሻው ላይ ሐኪሙ አጠር ያለች ነገር አነበበ። የጣሪያው ማራገቢያ ሲንቋቋ ይሰማል። አስያ እጄን ጨመቀችኝ፤ ይቅርታ አልጠየቀችም። ጅዳ በመካከላችን መጥታ የቆመች ይመስል ነበር።

«እባክህ ድገመው» አለችው በእንግሊዝኛ።

ደገመው፦ «ቴክ ማይ ወርድ ፎር ኢት።»

«ወርድ» አለች ለራሷ። «ቃል። ቃሌን… ቃሌን ውሰዱ…» ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። ገበሬ እንዲህ ቢባል ሂድ ወዲያ ይላል።» ቀና አለች። «ቃሌን እመኑኝ።»

ሐኪሙ ወደ ማንአልሞሽ ዞረ። ማንአልሞሽ ወረቀቱን አየች፣ ፈይሩዝን አየች፣ ወደ ኮሪደሩ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጣ አየች። ሁለቱ ራስ ለራስ ተጠጋግተው ብዙ ተንሾካሾኩ። ሐኪሙ ሦስቱን ነውሮች የጻፈበትን ገጽ እያሳየ አንድ ነገር ይላታል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ትስቃለች፤ ከዚያ መሳቋን ታቆማለች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ሌሎቹ ሁለት ተፈታኞች ነውራቸውን አልነገሩንም። መቼ መጀመር ትችያለሽ?»

ኢርፋን ትንፋሽ ሳበ። አብዱልጀባር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ስድስታችንም እንዳንመልስላት ቀና ብለን ማራገቢያውን አየን።

«እሑድ፣ ሰንበቴ ላይ» አለች ፈይሩዝ። «ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንነሣ። ረፋድ ላይ ከደረስን አፋሮቹ ከብታቸውን ሸጠው እየተመለሱ ነው፤ የምንከትበው አናገኝም።»

ማንአልሞሽ አንድ ሰዓት ብላ ጻፈች።